ኪሎሜትሩን ተዉት፣ ፍሬኑን አስቆጥሩ፦ አሥራ አራት ወር ከአሮጌ ኢ240 ጋር በባሕር ዳር

«ሴንሰር ነው፣ ይጠፋል።»

መኪና ሻጭ ይህን ካለ እጃችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራ መርሰዲስ ኢ240 ክሩስኮት (ከመሪው ፊት ያለው የመለኪያ ሰሌዳ) ላይ የፍሬን ማስጠንቀቂያ ብልጭ ብሎ ከጠፋ፣ ከጀርባው ያለው ሴንሰር ሳይሆን ቆጣሪ ሊሆን ይችላል። መኪናው ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ፍሬኑ ስንቴ እንደተረገጠ ሲቆጥር ኖሮ «በቃኝ» እያለ ይሆናል። ይህ ግምገማ ባሕር ዳር ውስጥ አሥራ አራት ወር ስለተነዳ አንድ እንዲህ ያለ መኪና ነው፤ አብዛኛው ግን ስለ ፍሬኑ መሆኑን ከወዲሁ ልናገር።

ሌላው ቶሎ ያልቃል። ወንበሩ ከሃያ ዓመት በኋላም ወገብ ይይዛል። በሩ ሲዘጋ የባጃጅ ጩኸት ውጭ ይቀራል። 2.6 ሊትሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር 177 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ዘይቱ በሰዓቱ ከተቀየረለት ዝም ብሎ ይሠራል። ኤሲው የመጋቢትንና የሚያዝያን ሙቀት ይችላል። ይኸው ነው። ወደ ፍሬኑ።

ደብሊው 211 በሚባለው በዚህ ሞዴል፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2006 አጋማሽ በተሠሩት ላይ ያለው ፍሬን ኤስቢሲ ይባላል። በተለመደው መኪና እግር ፔዳሉን ይገፋል፣ ፔዳሉ ሰርቮውን (የእግርን ጉልበት የሚያበዛውን ዕቃ)፣ ሰርቮው ዘይቱን፣ ዘይቱ ዲስኩን የሚይዘውን የፍሬን ሸራ። እዚህ ፔዳሉ የሚያወራው ለኮምፒውተር ነው። እግራችሁ ምን ያህል እንደወረደና በምን ፍጥነት እንደወረደ መለኪያዎች ያነባሉ። ከኮፈኑ ሥር ያለው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ቀድሞ ዘይት ጨምቆ ናይትሮጅን ባለበት ማጠራቀሚያ ውስጥ አስቀምጧል፤ ኮምፒውተሩ ከዚያ እየቀነሰ ለአራቱም ጎማ ለየብቻ ያድላል። እግር ላይ የሚሰማው የፔዳሉ ጥንካሬ ራሱ ለማስመሰል የተሠራ ነው፤ ፓምፑ ደህና እስከሆነ ድረስ ከሸራው ጋር በቀጥታ አይገናኝም።

ለዚህ ነው የሾፌሩ በር ሲከፈት ከፊት በኩል «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ የሚሰማው። ቁልፍ ሳይገባ፣ ሞተር ሳይነሳ፣ አንድ ሁለት ሰከንድ። ማታ ሐይቁ ዳር ጭር ያለ ቦታ አቁማችሁ ስትመለሱ በደንብ ይሰማል። ፓምፑ ነው፤ ሰውየው መጣ ብሎ ግፊቱን እያዘጋጀ። ይህቺን ድምፅ ጆሯችሁ ይልመዳት፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

የዚህ ፍሬን ታሪክ የተደበቀ አይደለም። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ 680,000 መኪኖችን ለምርመራ ጠርቷል፤ በ2005 የጠራቸው ደግሞ 1.3 ሚሊዮን ነበሩ፣ ያኛው ጥሪ የባትሪና የዲናሞ ጉዳይንም ይጨምር ነበር። በ2006 አጋማሽ ሞዴሉ ሲታደስ ኢ ክላስ ወደ ተለመደው ሰርቮ ተመለሰ። ስለዚህ የምታዩት መኪና ከዚያ በኋላ የተሠራ ከሆነ ከዚህ በታች ያለው ግማሹ አይመለከታችሁም፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ቢል አትገረሙ። አሜሪካ ውስጥ የዚህ ክፍል ዋስትና ያለ ኪሎሜትር ገደብ እስከ 25 ዓመት ተራዝሟል። ደላላው ይህን ከኢንተርኔት አንብቦ «ዋስትና አለው» ቢላችሁ፣ ለእኛ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷንም አናይ።

አሁን ቆጣሪው። ኮምፒውተሩ የፍሬኑን ሥራ ይመዘግባል። መካኒኮች ዘንድ የሚጠራው ጣሪያ 300,000 እርግጫ ነው። ሲሞላ ሲ249ኤፍ የሚል ኮድ ይያዛል፤ ትርጉሙ የዚህ ዕቃ የአገልግሎት ዘመን አልፏል ማለት ነው። ክሩስኮቱ ላይም ጋራዥ ሂዱ የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ፓምፑ ያን ዕለት ይሞታል ማለት አይደለም። የፓምፑ ሞተር ውስጥ ያሉት የካርቦን ብሩሾች እያለቁ ነው፣ የማጠራቀሚያው ናይትሮጅንም እያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ሁለቱንም ገልጦ ማየት ስለማይችል በቁጥር ይገምታል። ግምቱ ለጥንቃቄ ያደላ ነው። በዚህ ፋብሪካውን አልወቅስም፤ ሳይነግረኝ ከሚሞት ቀድሞ የሚነዘንዘኝ ይሻለኛል።

ሒሳቡን ግን በባሕር ዳር መንገድ እንሥራው። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ አባይ ድልድይ በሥራ መውጫ ሰዓት ንዱ። ከፊታችሁ ያለው ባጃጅ ውስጥ አንድ ሰው «ወራጅ አለ!» ሲል ባጃጁ ያለ ፍሬቻ ቀጥ ይላል። ከጎን ሌላው ተሳፋሪ አይቶ ይታጠፋል። ብስክሌት አለ፣ ጋሪ አለ፣ የፍጥነት መገደቢያ ጉብታ አለ፣ ከዘንባባው ሥር ድንገት የሚሻገር ተማሪ አለ። በኪሎሜትር አሥር ጊዜ መርገጥ እዚህ ብርቅ አይደለም። በቀን 20 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው 200 ጊዜ ረገጠ ማለት ነው። በዓመት 300 ቀን ቢነዳ 60,000። በአምስት ዓመት 300,000። ኪሎሜትሩስ? በአምስት ዓመት 30,000 ብቻ።

ደግማችሁ አንብቡት። በ30,000 ኪሎሜትር ፓምፑ ቆጥሮ ሊጨርስ ይችላል። ያው መኪና ከባሕር ዳር አዲስ አበባ 560 ኪሎሜትር ገደማ ሲመላለስ የኖረ ቢሆን፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ እስከ ደጀን ባለው ሜዳ ላይ ፍሬኑን በኪሎሜትር አንዴም ላይነካ ይችል ነበር፤ 200,000 ኪሎሜትር ሄዶም ፓምፑ ገና ብዙ ይቀረዋል።

እዚህ ላይ ነው ከደላላው ጋር የምንጣላው። «ወንድሜ፣ 98 ሺህ ኪሎሜትር ብቻ! ከቤት አልወጣም እኮ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረሻ ነበር» ይላል። ጌታዬ፣ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ትምህርት ቤት ማድረሻ ማለት በየሃምሳ ሜትሩ መርገጥ ማለት ነው። «የዲፕሎማት ነበር» ቢል ደግሞ አዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ኪሎሜትር እንደሆነ በላፕቶፕ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እሱን ሁሉም ያውቃል። ይህን ሞዴል የምትገዙ ከሆነ ጥያቄው «ስንት ሄደ?» መሆኑ ቀርቶ «ስንቴ ተረገጠ?» ይሁን፤ መልሱም ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከኮምፒውተር ይምጣ።

ተራው የኮድ ማንበቢያ አይበቃም። ሞተሩን ብቻ አንብቦ «ምንም የለበትም» ይላችኋል። የመርሰዲስን የፍሬን ክፍል ከፍቶ የኤስቢሲን ቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ፈልጉ። ባሕር ዳር ካላገኛችሁ መኪናውን አዲስ አበባ እያለ አስነብቡት፤ ቀብድ ሳትከፍሉ። ቁጥሩ ከወጣ በኋላም ዝም ብላችሁ አትመኑት። ይህኛውን ቆጣሪ ራሱን ወደ ዜሮ የሚመልሱ መሣሪያዎች ገበያ ላይ አሉ። ዜሮ ማድረግ ያለቀውን ካርቦን አይመልሰውም፤ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ማስጠንቀቂያውን አፉን ማፈን ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው፦ ለጥቂት ብር ብሎ የሰው ነፍስ ላይ መቀለድ።

የዚህ መኪና ሻጭ «ፓምፑ ተቀይሯል» ብሎ ነበር። ሲነበብም ቆጣሪው ከ10,000 በታች ነበር። ሁሉም ደስ ብሎት ተፈራረመ። በኋላ ኮፈኑ ተከፍቶ በእጅ ባትሪ ሲታይ፣ ፓምፑ ላይ የታተመው የምርት ቀን የመኪናውን ዕድሜ ያህላል፤ የዘይት ቱቦዎቹ ማሰሪያ ላይም ቁልፍ የነካው ምልክት የለም፣ የሃያ ዓመት አቧራ እንደጠገገ ነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። እናንተ ይህን ከመፈረማችሁ በፊት እዩ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ፓምፑ አዲስ ነው ከተባለ ምልክቱም አዲስ ይሁን፣ የተፈታው ብሎንም ይታይ፣ ደረሰኝም ይኑር።

ከዚያ ጆሮ። በሩን ክፈቱ፣ «ዝዝዝ» ይበል፣ ይቁም። ቁልፉን ወደ ሁለተኛው ቦታ አዙሩ፤ ሞተር አታስነሱ። ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያላችሁ ርገጡ። ጤነኛ ፓምፕ ጥቂት እርግጫ ከተጠራቀመው ያድልና ከዚያ አንዴ ተነስቶ ይሞላል። በእያንዳንዱ እርግጫ የሚጮህ ከሆነ ማጠራቀሚያው ግፊት አይዝም፤ ናይትሮጅኑ ሄዷል። ድምፁ እየተጎተተ፣ እየሰለለ፣ ከሦስት አራት ሰከንድ በላይ የሚቆይ ከሆነም ሞተሩ ደክሟል። ይህ ፈተና ነፃ ነው፣ ሻጩ ፊት የሚደረግ ነው፣ ቆጣሪ ዜሮ በማድረግም አይደበቅም።

ፓምፑ ጨርሶ ቢተውስ? መኪናው ያለ ፍሬን አይቀርም። ፔዳሉ በቀጥታ በዘይት የፊት ሁለቱን ጎማ ብቻ ይይዛል። ግን ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል፣ እግር ሙሉ ጉልበቱን ይጠይቃል፣ የማቆሚያው ርቀት ብዙ ይረዝማል። ሊነዳ አይገባም። በግራ እግር የሚረገጠው የማቆሚያ ፍሬን ደግሞ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ በሽቦ የሚጎተት፣ ከኋላ ዲስኮቹ ውስጥ ባለ ትንሽ ታንቡሮ ላይ የሚሠራ ነው። ስትገዙ ዳገት ላይ አቁማችሁ እሱን ብቻ ሞክሩት። ብዙዎቹ ላይ ዓመታት ሳይነካ ዝጎ ይገኛል።

መፍትሔው ሦስት ነው፤ አንዱም ርካሽ አይደለም። አዲሱ ፓምፕ ከ1,000 ዶላር በላይ ይሸጣል፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ከተለቀቀ በኋላ ይህ በብር ሲመነዘር ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋም። ሁለተኛው ከዱባይና ሻርጃ የሚመጣ ወይም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚገኝ አሮጌ ፓምፕ ነው። ችግሩ፣ አሮጌ ፓምፕ ቆጣሪውን ይዞት ነው የሚመጣው፤ የሌላ ሰው 280,000 እርግጫ ገዝታችሁ ልትገቡ ትችላላችሁ። ሻጩ «ጨረታ መኪና ላይ የተፈታ ነው፣ ምንም አልሠራም» ይላል፤ ከኮምፒውተር ጋር ሳይያያዝ በምን አወቀ? ሦስተኛው ማሳደስ ነው፦ የፓምፑ ሞተር ተፈትቶ ካርቦኑና ኩሽኔታው ይቀየራል፣ ማጠራቀሚያው ይተካል፣ ከዚያ በኋላ ቆጣሪው ዜሮ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ይህ ሲሆን ነው ዜሮው ዜሮ የሚባለው። ለዚህ መኪና የተመረጠው ይህ ነበር። የሚያድሱት ውጭ አገር ስለሆኑ ፓምፑ በተጓዥ ሰው እጅ ሄዶ እስኪመለስ መኪናው ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ አምስት ሳምንት ቆመ። ያኔ ማንም ስለ መርሰዲስ ቢጠይቀኝ መልሴ አጭር ነበር፤ እዚህ አይጻፍም።

ግን ፓምፑ ሞተ ከማለታችሁ በፊት ትንሿን ባትሪ ተመልከቱ። ይህ መኪና ሁለት ባትሪ አለው። ትልቁ ከኋላ ሻንጣ ክፍል ወለል ሥር ነው። ትንሿ 12 ቮልት 12 አምፔር ሰዓት፣ የሞተር ሳይክል ባትሪ የምታክል፣ ከኮፈኑ ሥር በክዳን ተሸፍና ትቀመጣለች። ሥራዋ ትልቁ ቢደክም ፍሬኑ ኤሌክትሪክ እንዳያጣ ነው። ብዙ ሰው መኖሯን አያውቅም፤ ትልቁን ቀይሮ «አሁንም ይጮሃል» ይላል። ቮልቴጅ ሲያንስ የሚወጣው ማስጠንቀቂያ ከፓምፑ ማስጠንቀቂያ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ለባትሪ ችግር ፓምፕ የሚያስቀይር ጋራዥ አይጠፋም። መኪናው ካደረ በኋላ ሁለቱንም ለኩ፤ ከ12.4 ቮልት በታች ከሆኑ ሙሏቸው ወይም ቀይሯቸው። ሞተሩ ተነስቶ 14 አካባቢ ካላሳየ ዲናሞው ላይ ያለው ሬጉሌተር ይታይ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ስለ ፓምፕ የሚወራው።

ሸራ መቀየር ደግሞ ጣት ያስቆርጣል ስል እያጋነንኩ አይደለም። በሩ በተከፈተ ወይም በሪሞት በተነካ ቁጥር ፓምፑ ነቅቶ ራሱን ይፈትሻል፤ በዚያች ቅጽበት ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ውስጥ ጣት ካለ ፒስተኑ አጥብቆ ይይዘዋል፣ ግፊቱም የቀልድ አይደለም። ሕጉ አንድ ነው፦ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ፍሬኑ በኮምፒውተር እንዲተኛ ይደረጋል፣ ሥራው ሲያልቅ በኮምፒውተር ይነቃል። መካኒኩ «እኔ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ኮምፒውተር አያስፈልግም» ካላችሁ በአክብሮት መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ሃያ ዓመት የሠራው ሌላ ፍሬን ነው። ቁልፉንም እናንተ ኪስ ያዙት፤ ልጅ በሩን እንዳይከፍት።

ዘይቱም እንደዚሁ ነው። የፍሬን ዘይቱ ዶት 4 ፕላስ ሆኖ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፤ ዘይቱ እርጥበት ስለሚስብ የባሕር ዳር ክረምት አይራራለትም። ሁለት ሊትር ያዙ። አንዱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌላው ከሥር ሆኖ «ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» የሚባባሉበት የለመድነው አሠራር እዚህ አይሠራም፤ ፔዳሉ ከሸራው ጋር ስላልተገናኘ አየሩ ፓምፑና ማጠራቀሚያው ውስጥ ይቀራል። አየሩን የሚያስወጣው ኮምፒውተሩ ራሱ ቫልቮቹን በተራ እየከፈተ ነው። በአሮጌው ዘዴ ተሠርቶ «ፔዳሉ ለሰለሰ» ተብሎ የሚመጣ መኪና አለ፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ከተናገርኩ በኋላ መኪናውን ለምን እስካሁን አልሸጥክም የሚል ይኖራል። መልሱም ፍሬኑ ነው።

ሐምሌ ላይ ከሐይቁ የሚነሳው ዝናብ ሲወርድ የዝናብ መጥረጊያው ከተከፈተ ኮምፒውተሩ በየተወሰነ ጊዜ ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ ቀስ አድርጎ ያሳርፋል፤ ሾፌሩ አይሰማውም። ዲስኩ ላይ ያለው ውኃ ይጠረጋል። ስለዚህ ኩሬ አቋርጣችሁ ወዲያው ብትረግጡ የመጀመሪያዋ እርግጫ እንደ ደረቅ መንገድ ትይዛለች። ነዳጅ መስጫውን ድንገት ስትለቁም ኮምፒውተሩ «ሊረግጥ ነው» ብሎ ሸራውን ወደ ዲስኩ ያስጠጋዋል። ያ ባጃጅ ቀጥ ሲል የምትተርፈው አንድ ሜትር ከዚህ ነው የምትመጣው።

ሌላም አለ፣ ሻጮች የማይናገሩት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻ አገሮች በአንድ አምስተኛ ያንሳል። የተለመደው ሰርቮ ጉልበቱን የሚያገኘው ከአየር ግፊት ነው፤ ወደ ደጋ ሲወጣ እርዳታው ይቀንሳል። ኤስቢሲ አየር አይፈልግም። ፓምፑ የሚሰጠው ግፊት እዚህም ደጀን ላይም ያው ነው። ከጎሃ ጽዮን ወይም ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ስትወርዱ ልዩነቱ እግር ላይ ይታወቃል። እዚያ ቁልቁለት ላይ የማርሽ ዘንጉን ወደ ግራ ነካ ነካ አድርጋችሁ 3 ወይም 2 ላይ አስገቡት፤ ሞተሩ ይያዘው። ፍሬኑን አጥብቃችሁ ርገጡ፣ ልቀቁ፣ ይቀዝቅዝ፤ እግር ጭኖ መውረድ ማንኛውንም ፍሬን ያቃጥላል፣ ይህኛው ላይ ደግሞ ቆጣሪም አለ።

ዛሬ ከተማውን እየሞሉት ካሉት የኤሌክትሪክ መኪኖችም እኮ የብዙዎቹ ፍሬን በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው። ይህ ከሃያ ዓመት በፊት የተሞከረና ቶሎ የመጣ ሐሳብ ነበር። ቶሎ ለመጣ ነገር ደግሞ የሚከፍለው ሁለተኛው ገዢ ነው።

የቀረውን ለሚገዛ ሰው በአጭሩ። የሻንሲ ቁጥሩ ውስጥ 211061 የሚለውን ፈልጉ፤ ኢ240 መሆኑን የሚናገረው እሱ ነው። ሊብሬው ላይ ካለው ጋር በዓይናችሁ አስተያዩ። ቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ተከፍሎ ስም መዞር መቻሉን ሳታረጋግጡ ውልና ማስረጃ አትሂዱ።

እ.ኤ.አ. በ2003 ገደማ የተሠሩት ላይ ራዲያተሩን አጥብቃችሁ እዩ። የሠሪው ስም ፋሌዮ የሚል ከሆነ፣ ውስጡ ሲሰነጠቅ የሞተር ውኃ ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ዘይት ጋር ይቀላቀላል፤ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ሞት ማለት ነው። የውኃ ማጠራቀሚያው ክዳን ተከፍቶ ሮዝ አረፋ ወይም ወተት መሳይ ነገር ከታየ ከዚያ ግቢ ውጡ። ቤር የሚል ከሆነ ጥሩ።

አምስት ማርሹ ካምቢዮ ጠንካራ ነው፤ ግን 13 ፒን ያላት ፕላስቲክ ሶኬት ጎማዋ ደርቆ ዘይት ታፈሳለች፣ ዘይቱ በሽቦው ውስጥ ተስቦ ኮምፒውተሩ ድረስ ይሄዳል። ዕቃዋ ትንሽ ናት፣ መዘዟ ትልቅ ነው፤ ሳታፈስም ቀይሯት። የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ዱላ የለውም፤ ዱላው የጋራዥ ዕቃ ነው፣ «ዘይቱ ሙሉ ነው» የሚለውን ሻጭ በምን እንደለካ ጠይቁት።

የኋላ ሻንጣውን ወለል ምንጣፍ አንሱ። የኋላ መብራቶቹ ጎማ ሲደርቅ የክረምት ውኃ ባትሪው ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። ዝገት ወይም ሻጋታ ካሸተተ የኤሌክትሪክ ጣጣ ይጠብቃችኋል። የሞተሩ ፊት ያለችው ፑሊ ላይ ያለው ጎማ ከብረቱ እየተለያየ እንዳይሆን ቀበቶው ሲዞር በዓይን ተከታተሉ፤ ስትወላገድ ትታያለች። ሻማው፣ እኛ ካንዴላ የምንለው፣ ስድስት አይደለም አሥራ ሁለት ነው፤ በሲሊንደር ሁለት። ዘይቱ 8 ሊትር ይወስዳል፤ «አራት ሊትር በቂ ነው» ለሚል ሰው ሞተር አታስነኩ።

የኮብልስቶኑ መንገድ የፊት ጎሚኒዎችንና የአሉሚኒየም ክንዶቹን ቦል ጆይንት ይበላል፤ ጉብታ ላይ «ጓ» ካለ አልቀዋል ማለት ነው። ጎማው 225 በ55 በ16 ነው፤ ትልቅ ቸርኬ ያለበትን ለመልኩ ብላችሁ አትግዙ፣ ጉድጓድ አይችልም። ሞላ ያለውን እንጂ የአየር ትራስ ያለውን አትምረጡ፤ አንድ የኮምፒውተር ነገር ይበቃናል።

ቤንዚን፦ ከተማ ውስጥ በመቶ ኪሎሜትር 15 ሊትር ይሄዳል፣ ባጃጅ ሲበዛ 16። አገር አቋራጭ ከ10 ብዙ አይርቅም። ለማደያ ሰልፍ ትዕግሥት የሌለው ሰው ይህን መኪና አይግዛ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ከጥር 2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለው ሁሉ «ብርቅ ነው» እየተባለ ይሸጣል። ብርቅ መሆኑ እውነት ነው፤ ፓምፑም ብርቅ ነው። ድርድሩ ላይ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፦ ፓምፑ መታደሱ በማስረጃ ካልታየ፣ ያለቀ ነው ብላችሁ ዋጋውን ከላይ ቀንሱ። ሻጩ ከተቆጣ ይቆጣ። «ሴንሰር ነው» ካለ ደግሞ፣ «እንግዲያው አንተ አስቀይረው፣ እኔ ከዚያ እገዛለሁ» በሉት።

ግዢው ያስቆጫል ወይ? በአምስቱ ሳምንት ውስጥ ብትጠይቁኝ አዎ ነበር። ዛሬ ጠዋት ዝናብ ውስጥ አንድ ባጃጅ ድልድዩ አፍ ላይ ቀጥ ሲል፣ አይ። ለማንኛውም የታደሰው ፓምፕ ከተገጠመ ወዲህ የተነበበው ቁጥር ከነቀኑ ታትሞ ሊብሬው ውስጥ ታጥፏል፦ 31,460።